ስላረፈው ደናችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የደን ልማትና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ያለሁት ልብስ ሰፊና ጎረቤቶቼ፣ ከጉሮሮ መድረቅ በቀር ደህና ነን። ብዕር ያነሣሁት ለመውቀስ አይደለም፤ እርስዎን ለመውቀስ መጀመሪያ ቢሮዎ ውስጥ ማግኘት ያስፈልጋልና።

አንደኛ፣ ጣውላ ፋብሪካው ጥቅጥቁን ደን መንጥሮ ሲጨርስ ስላቆሙልን ማስታወቂያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ይህ ደን አርፏል፤ አትረብሹት» ይላል። ሠራተኞችዎ እረፍት ላይ ነው ለማለት እንደፈለጉ ይገባኛል፤ በመሥሪያ ቤትዎ የተለመደው ሥራ እረፍት ስለሆነ ቃሉ ቢቀናቸው አይፈረድባቸውም። የሚስቴ እናት ግን ማስታወቂያው ሲነበብላቸው ክው ብለው «እኔን! መቼ ነው ያረፈው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀኑን እርስዎ ካልነገሩን እኛ ከየት እናውቀዋለን?

ሁለተኛ፣ ደኑ አገግሞ ይመለሳል ብለው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። የራስዎ ባለሙያ በስብሰባ ላይ፣ እንዲህ ያለው ደን ዝናቡን ራሱ እንደሚያመጣ፣ ከልክ በላይ ሲሳሳ ዝናቡ እንደሚቀር፣ በቦታው ሣር እንደሚበቅል፣ ሣሩንም እሳት እንደሚለምደው፣ ከዚያ ወዲያ ደኑ ቢለምኑትም እንደማይመለስ አስረድተው ነበር። እኚህን ሰው በማግስቱ ወደ ንብረት ክፍል አዛውረው ወንበር ማስቆጠርዎ ተገቢ ነው፤ ወንበርም የጣውላ ሥራ ስለሆነ ከሙያቸው ብዙ አልራቁም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ከምንጫችን በላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ጫካ ለፋብሪካው ሊፈቅዱ መሆኑን ሰምተናል። ምንጩ ከወዲሁ የሚወርደው በጠብታ ነው፤ ሚስቴ አንድ ጀሪካን ሞልታ እስክትመለስ ቀኑ ይመሻል፣ ልጆቹም በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ። ተናድጃለሁ፤ እስካሁን በጨዋ ቋንቋ የጻፍኩት ንዴቴ እንዳይታወቅብኝ ነበር። እባክዎ አይፈርሙ። ያቺ ከተቆረጠች እርስዎም ተጸጽተው፣ መንግሥትም በጀት መድቦ አይመልሳትም።

ለብዕርዎ ስንፍናን፣ ለማኅተምዎ ድርቀትን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ፊት ለፊትዎ ያለው ልብስ ሰፊ

ሳልረሳው፦ በመጪው የችግኝ ተከላ ዘመቻ ፎቶ የሚነሡበትን ጉድጓድ ቆፍረን ጨርሰናል። ችግኙን ሲያመጡ ግን የሚጠጣውን ውሃ አብረው ይያዙ፤ ከተረፈም ለልጆቻችን ያካፍሉልን።