ጋሼ የተጻፈበት ብልቃጥ

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ

ብልቃጡን መገብኩ። እንደ ሁልጊዜው... ጥቂት ጠብታ ከአሮጌው ወደ አዲሱ፣ ክዳኑን ጠበቅ፣ ሙቀቱ ወደማይዋዥቀው ሣጥን፣ ወደ ኢንኩቤተሩ።

ውስጡ ያለው፣ ካላዛር የሚባለው በሽታ ወንድሜን ሊገድለው አንድ ሳምንት ሲቀረው ከጣፊያው የተቀዳ ተውሳክ ነው። አስራ አንድ ዓመት ስቀልበው ኖርኩ። ብልቃጡ ላይ ቁጥር መጻፍ ነበረብኝ። «ጋሼ» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜን የምጠራው እንደዚያ ነበር። አሁን ላቦራቶሪው ሁሉ «ጋሼ በላ?» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ያስለቅሰኝ ነበር። ዛሬ ዛሬ እኔም እስቃለሁ።

ቁጥር ሃያ ሰባት ያልነው መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥም አይጥ ውስጥም ድራሹን አጥፍቶታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ይወስዱታል። እማዬ ደውላ ነበር።

«ደረሰ?»

«ትንሽ ነው የቀረው፣ እማዬ።»

«እሺ... ትንሽ ከሆነ።»

ጥቅምት 9

የሰውነት መከላከያ ሴሎችን የምታጠና አዲስ ልጅ መጥታለች። ወር ሳይሞላት ስም ወጣላት፦ እመት ለምን። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ።

«ለምንድን ነው ከሆስፒታል አዲስ ናሙና የማንወስደው?»

«ይሄ ሰው የገደለ ነው። ከዚህ የባሰ ከየት ልታመጪ ነው?»

«ያኔማ ገድሏል። አስራ አንድ ዓመት አፉ ድረስ እየቀረበለት ሲበላ ግን...»

ጮህኩባት። ሰው ፊት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ጥቅምት 13

በዚህ ሳምንት ከተኙ ሕሙማን አምስት ናሙና ይዛ መጣች። «መድኃኒቱን ሞክሪባቸውና አርፈሽ ተቀመጪ» አልኳት።

ህዳር 4

ጋሼ በሁለት ቀን አለቀ። አምስቱ ግን... ማይክሮስኮፑ ስር ይዋኛሉ። መድኃኒቱ ምንም አልነካቸውም። ተበላሽቶ ይሆናል። ይደገም።

ህዳር 8

ተደገመ። ያው ነው።

ህዳር 9

ሌላም አሳየችኝ። ይህ ተውሳክ ሰው የሚገድለው ሊበሉት የመጡት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ስለሚበዛ ነው። አምስቱ ገቡ፣ በዙ። ጋሼ መደበቁን ረስቷል። ሴሎቹ በአንድ ቀን ፈጩት። መድኃኒት ሳይነካው።

ለማዳ ሆኗል። ያለመድኩት እኔ ነኝ።

የአይጦቹ አሳዳጊ ከአራት ዓመት በፊት ነግሮኝ ነበር። «እነዚህ እኮ እንደ ድሮው አይታመሙም።» ምን ብዬ መለስኩለት? «የምትወጋቸውን ተውሳክ መጠን እጥፍ አድርገው።» በየዓመቱ አዲስ ናሙና መውሰድ የሥራው ደንብ ነው። ያስቀረሁት እኔ። ሌላ ሰው የገደለ ተውሳክ ምን ያደርግልኛል? የእሱን ገዳይ ነበር የምፈልገው... ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ህዳር 11

ሙከራው ይቁም ብዬ ጻፍኩ። አለቃችን «ደብዳቤውን እስቲ አንድ ወር እንያዘው» አለ። ሰኞ የሚጀምሩ ስምንት ሰዎች አሉ። የሚያድናቸውን የድሮውን መርፌ ትተው የእኔን ክኒን ሊውጡ! አንድ ቀንም አልይዝም አልኩት። ፈርሜ በዚያው ቀን ላክኩት፣ ሙከራው ቆመ።

ህዳር 13፣ እሑድ

ለእማዬ በስልክ መንገር አልሆነልኝም። ሄድኩ። በሩን ከፍታ ፊቴን እንዳየች «ምን ሆነሽ ነው?» አለች። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ብልቃጡንም። ስለ እሱ ትንፍሽ ብዬላት አላውቅም ነበር።

እሷም፦

«ልጄን የገደለውን ነው ስትቀልቢ የኖርሽው?»

«መድኃኒት ላገኝለት ብዬ...»

«እኔ መድኃኒት አምጪ አልኩሽ? ደረሰ ወይ የምልሽ መቼ ጨርሰሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው። የሞተብኝ አንድ ነው። ያጣሁት ሁለት።»

አለቀስኩ። እሷም። አላባበለችኝም።

ህዳር 16

ብልቃጡ ውስጥ በረኪና ጨመርኩ። ቀዩ ፈሳሽ ነጣ። እመት ለምን አጠገቤ ቆማ ነበር፣ ለአንዴ እንኳ ምንም አልጠየቀችም። ወንድሜን ደግሜ የቀበርኩት መሰለኝ።

ህዳር 23

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕሙማን ክፍል ገባሁ። ናሙናውን ራሴ ልቀበል ብዬ። መስኮቱ ስር ያለው አልጋ ላይ አንድ ወጣት... ሆዱ ተነፍቷል፣ ክንዱ ግን አጥንት ብቻ። አንጀቴን በላው። ሐኪሙ ናሙናውን ሲቀዳለት ቱቦውን ያዝኩ።

«ይሄ ለእኔ ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ላንተ የድሮው መርፌ አለልህ። ያማል፣ ግን ያድናል። ደግሞ ሳይመሽብህ መጥተሃል። ይሄ አዲስ መድኃኒት ለምንፈልግበት ነው።»

«መፈለግ ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

አስራ አንድ ዓመት ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ዛሬ ነው የጀመርኩት።»

ሳቀብኝ። ሲስቅ አመመውና ሆዱን ያዘ።

«በይ በርቺ እንግዲህ፣ እህቴ።»

እህቴ ሲለኝ ቱቦውን ልጥለው ምንም አልቀረኝም።