«እስከ ሃያ አምስት ይቆያል» ያልኳቸው ቀን

ለምወድህ ወንድሜ ሙኒር፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከጅማ እስከ ጅዳ ያለው ባሕርና በረሃ የማያግደው ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ዕቃ ስታነሳ ይይዝሃል? እንቅልፍ ታገኛለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት።

«አጎታችን ለምን ስልኬን አያነሱም?» እያልክ ስትጠይቀኝ በኔትወርኩ ሳሳብብ ከረምኩ። እውነቱን በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ አጠገቤ አትጠፋም። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልህ።

በ2015 ሐጂ ሙሐመድሳኒ አጎታችን የቡ ከተማ ካለው የቡና መጋዘናቸው ጎን ያለችውን ክፍል አጽድተው፣ ለሰፈሩ ልጆች ኮምፒውተር ማስተማሪያ ሊያደርጓት መነሳታቸውን ታስታውሳለህ። ፋሪዳ ልጃቸው ኮሌጅ ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ስለነበር እሷ ልታስተምር ነው። ምን ዓይነት ማሽን ልግዛ ብለው መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ኮምፒውተር የምጠግንበት ሱቄ ድረስ መጡ። ያኔ ዊንዶውስ 11 ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ አይሆንም። እኔም አዋቂ ነኝ ባይ «እሱ ገና አልቀላም፤ ያልቀላ ቡና ደግሞ አይለቀምም። አሮጌዎቹን ከነዊንዶውስ 10 ይግዙ፣ እስከ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ይቆይልዎታል» አልኳቸው።

ከፊት ለፊቴ ሱቅ ያለው ሬድዋን፣ ያ ደንበኛ የሚሻማኝ፣ በዚያው ቀን «ሊኑክስ የሚባል አለ፤ ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ አይከብድም፣ አዲሱ ሲወጣም በነፃ ይጫናል» ብሏቸው ነበር። ሳቅሁበት። «ጅማ ውስጥ የሚቀጥር ሁሉ የሚጠይቀው ዊንዶውስ ነው» አልኩ። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ሥራው ወደ እሱ እንዳይሄድ ነበር።

አጎታችን ታዲያ ሃያ አምስቱን የያዙት በእኛ አቆጣጠር ነው! እኔ የፈረንጁን ማለቴ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ስለማፈጥ ሰው ሁሉ እንደኔ የሚቆጥር ይመስለኛል። እሳቸው ቡና የሚሸጡትም፣ ግብር የሚከፍሉትም፣ ልጅ የሚድሩትም በእኛው ዘመን ነው። አሥር ዓመት አለኝ ብለው መስጊድ ደጃፍ ላይ ለወላጆች «ወላሂ እስከ ሃያ አምስት ምንም አይሆንም፣ እኔ አለሁ» ብለው ቃል ሰጡ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ማሽኖቹ «ድጋፉ አብቅቷል» የሚል ማስታወቂያ ያወጡ ጀመር። እኛ ገና 2018 ላይ ነን! ማሽኖቹ ምንም አልሆኑም፣ ይሠራሉ፤ የቀረው በየጊዜው የሚመጣው ማደሻ ነው። ይሄን ለማን ታስረዳለህ? የቡ ውስጥ «ኤክስፓየር አድርገዋል» ተባለ። ሻይ ቤት ያለው ዋቅጋሪ «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለልጄ አልሰጥም፣ ትምህርቱም ያው ነው» ብሎ ልጁን አስወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። «ሐጂው አታለሉን» ያለም አለ። ቡና ሲመዝኑ ለገበሬው የሚያጋድሉትን ሰው!

ፋሪዳ ደውላ ስትነግረኝ ክው አልኩ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ሬድዋን ተሻገርኩ። ይዘልፈኛል ብዬ ነበር፤ ሊኑክሱን ፍላሽ ላይ ጭኖ ሰጠኝ። ዋጋውን ስጠይቀው «ነፃ ነው አላልኩሽም?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ሥራ በዛብኝ ብዬ ዛሬ ነገ ስል ሳምንቱ አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቅዳሜ የቡ ስደርስ ክፍሏ እስከ ጣሪያዋ ጀንፈል ቡና ተከምሮባታል፣ ማሽኖቹን ቁራሌው ወስዷቸዋል። ፋሪዳ ጆንያ ታስቆጥራለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ሌላ ማሽን እንፈልጋለን፣ ሁሉም ይስተካከላል» አልኳቸው። አጎታችን አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ማሂራ ልጄ፣ ማሽኑንስ ታስተካክይዋለሽ፤ ቃሌን የሚያስተካክልልኝ ማን ነው?» አሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መስጊድ ደጃፍ ቆሜ ልናገር ብላቸው «ተይ፤ የወንድሜን ልጅ ለሰው አፍ አልሰጥም» ብለው ከለከሉኝ። አሁን የሰፈሩን መስጊድ ትተው ጁምዓን ጅማ ድረስ መጥተው ይሰግዳሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንዲት «በፈረንጅ» የምትል ቃል ብጨምር ምን ነበረበት? ወላሂ ሙኒርዬ፣ አንገበገበኝ።

አደራህን፣ ባያነሱም ደጋግመህ ደውልላቸው። ካነሱልህ ስለ ኮምፒውተር አታንሳባቸው፤ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ ጠይቃቸው።

እማዬ ዱዓዋ አይለይህም፤ ብርዱን ተጠንቀቅ ብላሃለች፣ ጅዳ ሙቀት ነው ብላት አታምንም። ባለቤቴ ሀቢቡላህ ሰላም ይልሃል። ልጄ ለጢፋ ስምህን መጻፍ ችላለች፤ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ጭረት ሁሉ የሷ ነው። ፋሪዳም ስንለያይ በር ላይ ደርሳብኝ ለሙኒር ሰላም በይው ብላኛለች። የአጎታችን ሰላምታ ግን እዚህ የለም፤ «ለሙኒር ምን ልበልልዎት?» ብዬ የምጠይቅበት ዓይን አጣሁ።

እህትህ ማሂራ
ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.