የመጀመሪያው ነጥብ እስኪገባ

ለክቡር ዶክተር ብራድሊ ኪምፐር፣ የኮልዊን ኮሌጅ የስፖርት ዳይሬክተር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደከረመ እጠይቃለሁ። እኛ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ደጋፊዎች፣ ከጉልበታችንና ከወገባችን በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ቨርነን ትራውትማን እባላለሁ፤ በዚህች የኢንዲያና ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ሳድል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሌላውን ሰው ደብዳቤ ስንት ጊዜ ደጃፍዎ ድረስ አምጥቻለሁና፣ ዛሬ የራሴን ባደርስዎ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስለተጠናቀቀው የውድድር ዘመን ላመስግንዎ። ከሃያ ዘጠኝ ጨዋታ አራቱን አሸንፈናል። ከአራቱ አንዱን ያሸነፍነው የተጋጣሚያችን አውቶቡስ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ስድስት ተጫዋቾች ብቻ በሰው መኪና ተጭነው እየተንቀጠቀጡ በደረሱ ዕለት ነው እያሉ የሚያሙ አሉ፤ እኔ ግን ድል ድል ነው ባይ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት ሹመትዎን ሲቀበሉ «ዘንድሮ ቡድኑን የምንገነባበት ዓመት ነው» ብለውን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይህንኑ ስለነገሩን፣ በቃልዎ የሚጸኑ ሰው መሆንዎን ለማንም እንመሰክራለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ልማዳችን። እርስዎ ከሩቅ ስለመጡ ምናልባት በቅጡ የነገረዎት ሰው አልነበረ ይሆናል። በእኛ አዳራሽ ጨዋታ ሲጀመር ሁሉም ሰው ይቆማል፣ የሙዚቃ ጓዱ የኮሌጁን መዝሙር ደጋግሞ ይጫወታል፣ ቡድናችን የመጀመሪያውን ነጥብ እስኪያስቆጥርም ማንም አይቀመጥም። አባቴም እንዲሁ ይቆም ነበር፤ በእሱ ዘመን ግን ሰው ከወንበሩ ብድግ ከማለቱ መልሶ ይቀመጥ እንደነበር አጫውቶኛል። ባለፈው ጥር፣ በቴሌቪዥን በተላለፈ አንድ ጨዋታ፣ ሰባት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ቆምን። መዝሙሩ አሥራ አንድ ጊዜ ተደገመ፣ የመለከት ነፊው ከንፈር አበጠ፣ ከዚህ በፊት በከተማው ማንም የማያውቀውን ሦስተኛውን አንቀጽ ደግሞ አሁን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ስላስገጠሙልን ባለ ትራስ ወንበሮች አስተያየት እንድንሰጥ መጠየቅዎንም አልረሳሁም፤ አስተያየት ለመስጠት የሚበቃ ጊዜ ገና አልተቀመጥንባቸውም።

በማግሥቱ ያወጡትን ማስታወቂያ በታላቅ አክብሮት አነበብኩ። ለጤናችን በማሰብ ከሁለት ደቂቃ በላይ መቆም ተከልክሏል፣ የማይታዘዝም የዓመት መቀመጫውን ያጣል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ቡድኑ ቶሎ እንዲያስቆጥር ይጥር ነበር፤ እርስዎ ግን ነገሩን ከሚቀለው በኩል ጀምረው እኛን ቶሎ አስቀመጡን። በቴሌቪዥን ያየን ሰው ሁሉ ስለሳቀብን አፍረው ነው የሚሉም አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከጎኔ፣ ስድስተኛው ረድፍ ላይ፣ ወይዘሮ ሎርና ሄሰልብሮክ ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነው፤ አርባ ዓመት በኮሌጁ ወጥ ቤት ሠርተዋል፣ የየዘመኑን ተጫዋች ሁሉ አብልተዋል። ያንን ወንበር ከሟች ባላቸው ጋር ሆነው ከያዙት ሃምሳ ዓመት አለፈው። በመጨረሻው ጨዋታ ሁለት ደቂቃው ሲሞላ ሰው ሁሉ ተቀመጠ፤ እሳቸው ብቻ ቆመው ቀሩ።

እኔም ተቀምጫለሁ፣ ክቡር ሆይ። በዝናብና በበረዶ ስሄድ የኖርኩ ሰው መቀመጫዬን እንዳላጣ ፈርቼ፣ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሥርዓት አስከባሪው አቶ ጌሪ መጥቶ፣ «ሎርና፣ በፈጠረሽ ተቀመጪ፤ እኔንም ጣጣ ውስጥ አትክተቺኝ» ሲል ለመናቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ፣ «ኳሷ ስትገባ እቀመጣለሁ፤ ከቸኮልክ ሂድና ለእነሱ ንገራቸው» አሉት። በስድስተኛው ደቂቃ ታይረስ ኦዶም የተባለው ረጅሙ ልጃችን ኳሷን ቅርጫት ውስጥ ከተታትና፣ ወደ መከላከል መሮጡን ትቶ ወደ ስድስተኛው ረድፍ ዞሮ እጅ ነሳ። በዚያች ቅጽበት ተጋጣሚያችን መልሶ አስቆጠረብን፤ የተቆጣ ግን አልነበረም። ወይዘሮ ሎርናም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

በሳምንቱ መቀመጫቸው መነጠቁን የሚገልጽ፣ በእርስዎ የተፈረመ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው «ለታማኝ ደጋፊያችን» ብሎ መጀመሩን ሳላደንቅ አላልፍም። አሳዩኝና አነበብኩት፤ እሳቸው አላለቀሱም፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ። በዚህ አዳራሽ ጥሩውንም መጥፎውንም ዓመት እኩል የቆመ ሰው ቢፈለግ ከእሳቸው ሌላ አይገኝም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበራቸውን ይመልሱላቸው። ከዚህ ጋር የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊርማ አያይዣለሁ። የአቶ ጌሪ ስም መሃል ላይ አለ፤ እባክዎን እንዳላዩ ይለፉት።

የሚቀጥለውን ዓመትም የግንባታ ዓመት ያድርግልዎ እያልኩ፣ በታላቅ ትሕትና ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ማለቱ ጥቂት ጊዜ እንደሚወስድብኝ ከወዲሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

አክባሪዎ
ቨርነን ትራውትማን
ስድስተኛው ረድፍ፣ ለጊዜው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በኅዳር የመጀመሪያው ጨዋታ ሲጀመር እንደ ልማዳችን ሁላችንም እንነሳለን። ያን ዕለት ግን ነጥብ ቢገባም አንቀመጥም፤ የምንቀመጠው ወይዘሮ ሎርና ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ነው። እስከዚያ ይደክመናል ብለው ለእኛ እንዳይጨነቁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ቡድንዎ ለዚሁ ሲያሰለጥነን ነው የኖረው።