ለሚካኤል አጥቢያ

መስከረም 1
አስቀድሞ ይህ ይጻፍ፦ ከወንድሜ ከመልከ ጼዴቅ ጋር ከተኳረፍን በኅዳር ሁለት ዓመት ይሞላናል። የተጣላነው በአንድ ቀን ልዩነት ነው። እናታችን ያረፈችው ለሚካኤል አጥቢያ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። እሱ «ኅዳር 12፣ በሚካኤል» አለ። እኔ «ኅዳር 11» አልኩ። ሙት ዓመቷን እኔ እዚህ ዳባት በ11፣ እሱ እዚያ አምባራስ በ12 አወጣን። አንዳችን ከአንዳችን ድግስ አልደረስንም። ሰው ሳቀብን። «እናታችሁ ስንቴ ነው የሞተችው?»

ዛሬ እንቁጣጣሽ። ድሮ እሱ ከነልጆቹ እዚህ ይውል ነበር፤ መስቀልን ደግሞ እኛ እዚያ። ባለቤቴ ዘቢደር ከልማድ የተነሳ ለስምንት ሰው ሠራች። ሁለት ሆነን በላን።

ኅዳር 12
ትናንት እኔ ዘከርኩ። ዛሬ እሱ ይዘክራል። የነፍስ አባቴን ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስን ጠየቅኋቸው።
«በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀኑ ከዋዜማው ምሽት ይጀምራል። አንተ ይህን ታጣዋለህ?»
አላጣሁትም። ግን መዝገቤ ላይ 11 ብዬ ጽፌያለሁ… ሠላሳ ስምንት ዓመት በመምህርነት የሰው ስሕተት በቀይ ሳርም ኖሬ የራሴን እንዴት ልሰርዝ?

ታኅሣሥ 29
ገና። የወንድሜ ልጅ ጤናዬ ከደባርቅ ደወለች። አባቷ ሰንጋ ጥሎ ፍሪምባውን «ይህ የታላቄ ድርሻ ነው» ብሎ ሰቅሎታል። የሚነካው ጠፍቶ እዚያው ሊደርቅ ነው።
«ድመቷ እንኳ ፈርታዋለች፣ ጋሼ።»
ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን… ምን ብዬ ልላክለት?

ጥር 11
ጥምቀት። አልመጣም። አልሄድኩም።

ሚያዝያ 9
ጸሎተ ሐሙስ። ከቤተ ክርስቲያን እግሬን ታጥቤ ስመለስ መልከ ጼዴቅ ደጃፌ ቆሟል። ሸብቷል። የፋሲካ በግ ይዟል። እጁን ዘርግቶ ሊስመኝ ቀረበ። ወደ ኋላ ሸሸሁ።
«ሕማማት ነው» አልኩት።
በሕማማት መሳሳም የለም፤ ይሁዳ ጌታን የሸጠው በመሳም ነውና። ሥርዓት ነው። ጠበቅሁት። ግን «ግባ» ማለትን ማን ከለከለኝ?
«እሺ፣ መምህር። ደኅና ይሁኑ።»
ዕድሜውን ሙሉ «ጋሼ፣ አንተ» ነበር የሚለኝ። በጉን ከአጥሩ አሰረና ወደ መናኸሪያ ወረደ። ጉልባን እንኳ አልቀመሰም። ቆሜ አየሁት… አልጠራሁትም።

ሚያዝያ 12
ፋሲካ። በጉን አላረድኩም። ዘቢደርም እረድ አላለችኝም። በዶሮ ፈሰክን። ከሰዓት ጤናዬ ደወለች።
«አባዬ ሕማማት መሆኑን አጥቶት አይደለም፣ ጋሼ። ‹እስከ ፋሲካ ብቆይ ልቤ ይመለስብኛል› ብሎ ነው የተነሳው።»
መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ደጋግማ ሃሎ አለች።

ሚያዝያ 15
አራት ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል። አያነሳም። ጤናዬ እንደምትለው ስሜን አይቶ ስልኩን ይደፋዋል። ልሂድ? በር ቢዘጋብኝስ? ያን ጊዜ በእርግጥ ያልቃል።

ሚያዝያ 20
ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቱን ቀደድኩ። በሦስቱም የቀን አቆጣጠር ሳስረዳ ነበር። ዘቢደር አንዱን አንብባ «ደብዳቤ ነው ወይስ የፈተና እርማት?» አለችኝ። አራተኛውን ዛሬ ወደ አምባራስ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። ግልባጩ ይኸው፦

«ወንድሜ መልከ ጼዴቅ፣ እናታችን ያረፈችው ኅዳር 12፣ በሚካኤል ነው። የጻፍኩትን ሰርዣለሁ። ደጃፌ ላይ ያደረግሁብህን ግን በምን እንደምሰርዘው አላውቅም። በጉ እስካሁን አለ፤ ድርቆሽ አቀርብለታለሁ፣ ይበላል። ለግንቦት ልደታ እሱን እየነዳሁ ልምጣ? ወይስ ልቅር? ይህን ደብዳቤ ያደረሰልህ ሰው ሐሙስ ይመለሳል። ‹ና› ወይም ‹ቅር› ብለህ በእጁ ላክልኝ፤ አንዱ ቃል ይበቃኛል። አደራ፣ መልስህን አታዘግይብኝ።»