ዕጩነቴ ምሳ እስኪደርስ ይጠብቅ ስለተባለበት ጉዳይ

ለክቡር የድኅረ ምረቃ ጉዳዮች ዳይሬክተር
ምሥራቅ በር የምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ተቋም
ጅጅጋ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ለመላ አካላትዎ ጤናን፣ ለጨጓራዎ ደግሞ የተለየ ሰላምን እመኛለሁ፤ የወደፊት ዕድሌ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ዘንድሮ ተረድቻለሁና።

እኔ ሶሲና ሀብተየስ እባላለሁ። አያቴ በወታደርነት መጥተው በቀሩባት በዚህችው ጅጅጋ ተወልጄ ያደግሁ መምህርት ስሆን፣ በተቋምዎ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ኮርሶቹን ጨርሻለሁ፤ አጠቃላይ ፈተናውንም አልፌያለሁ። “ዕጩ ዶክተር” ተብዬ ወደ ጥናቴ ለመግባት የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፕሮፖዛሌን በፈታኞች ፊት ቀርቤ መከላከል። ጥናቴ ቀድሞ ባስተማርኩባት በአፍደም ከተማ ስላለው የትምህርት ቤት ምገባ ሲሆን፣ መላ ምቱም ቀላል ነው፦ ምሳ ባለ ቀን ተማሪ ይመጣል፣ ምሳ በሌለ ቀን ይቀራል። ይህንን ካወቁ የቀረው ደብዳቤ አይከብድዎትም።

በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ወደ ዕጩነት ካልተሸጋገርኩ፣ “በራስዎ ቸልተኝነት” ምዝገባዬ እንደሚሰረዝ ይገልጻል። ስለ ግልጽነትዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ቸልተኝነቴን በቅደም ተከተል እንድዘረዝር ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ፕሮፖዛሌን ያስገባሁት በጥር ወር ነበር። ጸሐፊዎ ወ/ሪት ቢታንያ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ስለ ቀኑ ከመጠየቄ በፊት ስለ ምሳው እንዳስብ በትሕትና መከረችኝ። በተቋማችን ፕሮፖዛል የሚከላከል ተማሪ ፈታኞቹን ምሳ እንዲጋብዝ የሚያዝ መመሪያ የለም፤ ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ ይግባኝ የለውም። እርስዎ እንደሚሉት ግብዣ የሚያምረው ሁሉም አብረው ሲቆርሱ ነውና፣ ፈታኞቹ ሁሉ የማይጾሙበት ቀን መፈለግ ነበረብኝ። ፈለግሁ። ዶ/ር ዐብዲጀባር ሰኞና ሐሙስ ይጾማሉ። ዶ/ር ራጉኤል ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ማክሰኞ ሰብሳቢያችን እርስዎ የካውንስል ስብሰባ አለብዎ። ቅዳሜና እሑድ አዳራሹ ይቆለፋል። ለሳምንቱ ስምንተኛ ቀን ቢጨመርለት ኖሮ እኔ ዛሬ ዕጩ ነበርኩ።

ሁለተኛ፤ ይህን ሳሰላ መጋቢት ደረሰ። እንደሚያስታውሱት ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ገቡ። የከተማው ሰው “መታደል ነው፤ አብረን ጾምን” ሲል፣ እኔ ብቻ በሐዘን አንገቴን ደፋሁ። ያም ሆኖ ዝም አላልኩም። ለሁሉም የሚሆን የጾም ወጥ ላቅርብ ብዬ ብጠይቅ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ የውጭ ፈታኝ ሽሮ ማቅረብ የተቋሙን ስም እንደሚያጎድፍ እርስዎ አስረዱኝ። በረመዳን ምሳ ከሌለ መከላከሉ ከማፍጠሪያ በፊት ይደረግና በእኛ በኩል ማፍጠሪያውን እናሰናዳ ብል፣ ቴምር በተያዘ እጅ የናሙና አወሳሰድ እንደማይጠየቅ ነገሩኝ። ምሳው ይቅር ለማለት ግን አፌ አልደፈረም፤ ይህንን ቸልተኝነት ብለው ከጻፉብኝ እቀበላለሁ።

ሦስተኛ፤ ፋሲካ ዋለ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምምና፣ ዶ/ር ራጉኤል ረቡዕም መብላት ጀመሩ። ይህችን የረቡዕ ቀዳዳ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ከዶክትሬት ትምህርቴ እስካሁን ያፈራሁት ግኝት እርስዋ ናት። በግንቦት ወር ውስጥ አንድ ረቡዕ ተቆረጠልኝ።

የዚያን ረቡዕ ምሳ ማን እንደሠራው የሚያውቁ አይመስለኝም። የክርስቲያኑ ሥጋ በእናቴ በወ/ሮ ወለተሐና ቤት፣ የሙስሊሙ በጎረቤታችን በረቢዓ ቤት ተሠራ፤ ድስቱ ከድስት፣ ጭልፋው ከጭልፋ እንዳይነካካ ሁለቱ ሴቶች ግቢ ለግቢ እየተጠራሩ አነጉ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ረቢዓ ደግሞ ሱቋን ዘግታ ነው የዋለችው። በጎድጓዳ ሳህን ሩዙን ስታሸክመኝ፣ “አባዮ፣ እህቴ፣ ወላሂ ለሠርጌም እንዲህ አልተጨነቅሁም፤ ብቻ አንቺ እለፊልን” አለችኝ። እኔም እንደማልፍ ቃል ገባሁላት።

የሆነውን እርስዎም ነበሩበት። የውጭ ፈታኙ አውሮፕላን ዘገየ። እንግዳው ሲደርሱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበርና፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ በሚል በጎ አሳብ ምሳው እንዲቀድም ወሰኑ። ምሳው ቀደመ። እርስዎ የጎድኑን ጣዕም ሁለት ጊዜ አደነቁ፤ እናቴ ይህን ብነግራት ደስ ይላታል ብዬ በልቤ ያዝሁት። እጅ ታጥበን ስናበቃ ያው አውሮፕላን ሊመለስ ነው ተባለ። እንግዳውን ራስዎ ሸኝተው በዚያው ቀሩ፤ ከሰዓት በኋላ፣ በጫት ሰዓት፣ የጅጅጋ ቢሮ ምን እንደሚመስል እርስዎም እኔም ስለምናውቅ ወዴት እንደሄዱ አልጠይቅም። የተረፈውንም ሹፌርዎ በፌስታል ቋጥሮ ስለወሰደልን፣ ሙሉ ሳህን መልሶ ከመሸከም አድኖናልና አመሰግናለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ዶ/ር ዐብዲጀባርና ዶ/ር ራጉኤል ፕሮፖዛሌን ገልጠው ተቀምጠው ነበር። እኔም በሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ነበር። ሰብሳቢ ከሌለ ፈተና የለምና፣ ሲመሽ ሦስታችንም ተነሣን። ማታ እናቴ አለፍሽ ወይ ስትለኝ ምሳው ተወዶልሻል አልኳት። ረቢዓ ቤት ግን ሳህኑን ለመመለስ እስካሁን አልሄድኩም፤ አፍሬ።

አራተኛ ብዬ በሥርዓቱ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ። አፍደም ያለው የምገባ ፕሮግራም ዘንድሮ ሊያበቃ ነው። እኔ ዕጩ ሆኜ ፈቃድ ካላገኘሁ፣ እነዚያ ልጆች ምሳቸው ሲቋረጥ የሚሆነውን የሚመዘግብ ሰው አይኖርም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አንድ ሰው “ምገባው ቢቀርም ችግር አልታየም” ብሎ ይጽፋል። እርስዎም ያነቡታል። ምሳ ሁለት ጊዜ ያደነቀ ሰው ማስጠንቀቂያ ላይ “ቸልተኝነት” ብሎ ሲፈርም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ይሄ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ወደ ሁለቱም ፈታኞች ሄጄ፣ ስለ ጾማቸው ያስቸገርኩ ይመስል ይቅርታ ጠየቅሁ። ሁለቱም ገረማቸው። ዶ/ር ዐብዲጀባር በጾም ቀን ስታትስቲክስ ሲያስተምሩ ዓመታት እንዳለፏቸው፣ አንድም ቀን ምሳ አብሉኝ ብለው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ዶ/ር ራጉኤል ደግሞ፣ በሁዳዴ ቢጠሯቸውም ይመጡ እንደነበር፣ ለምን እንዳልጠራናቸው ሲገርማቸው እንደከረመ ነገሩኝ። ስለዚህ፣ ክቡርነትዎ፣ የጾመኞቹን ስም እየጠራን ግማሽ ዓመት ያባከንነው ስለ አንድ የማይጾሙ ሰው ምሳ ነበር። ስማቸውን በአክብሮት አልጠቅስም፤ ከላይ አድራሻው ላይ አለ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድምምና፣ ቀን ራሴ ፈልጌ አግኝቻለሁ። የፊታችን ሰኞ ሰኔ 17 ቀን ጠዋት የሐዋርያት ጾም ይገባል፤ ዶ/ር ራጉኤል ይጾማሉ። ዕለቱ ሰኞ ነውና ዶ/ር ዐብዲጀባርም ይጾማሉ። ሁለቱም እንመጣለን ብለዋል። ለውጭ ፈታኙ ስደውልላቸው በኢንተርኔት መስመር ለመሳተፍ ወዲያው ፈቀዱ፤ ምሳውን በልተው ጥያቄውን ሳይጠይቁ መቅረታቸው ሕሊናቸውን ሲከነክናቸው እንደሰነበተ አልደበቁኝም። የቀረው የሰብሳቢው መገኘት ብቻ ነው። በዚያን ቀን እናቴ ታርፋለች፤ ረቢዓም ሱቋን ትከፍታለች። አዳራሹ ውስጥ ወንበር፣ ሰሌዳና እኔ እንኖራለን። ምግብ አይኖርም። ውኃም ቢሆን ከቧንቧው ከመጣ ነው።

በክቡርነትዎ ማዕድ ሥር ለግማሽ ዓመት በትዕግሥት የተቀመጥኩ፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ብቻ ተማሪዎ የሆንኩ፣ የወጥዎን ጨው በልክ ያደረገችው የወ/ሮ ወለተሐና ልጅ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ሶሲና ሀብተየስ
ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጅጅጋ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ትናንት የአፍደሙ ርእሰ መምህር አቶ ፉአድ ደውለውልኝ ነበር። የምገባው እህል አስቀድሞ ካለቀ ሰንብቷል። ልጆቹ ግን አሁንም ይመጣሉ አሉኝ፤ ምሳ እንደሌለ እያወቁ፣ ፈተና ስላለባቸው ብቻ ይመጣሉ። ስለዚህ “ምሳ በሌለ ቀን ይቀራል” የሚለው መላ ምቴ ለእነሱ አልሠራም። ሰኞ ጠዋት ለእርስዎ መሥራት አለመሥራቱን አይቼ፣ የጥናቴን ርእስ እንዳለ ትቼ ተጠኚዎቹን ብቻ እንድቀይር ይፈቀድልኝ ዘንድ ከወዲሁ በትሕትና አመለክታለሁ።