ባዶዋ ቁጥር 419

ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት የበረሃ ድንኳን መስፈሪያ ምደባ ክፍል፣ ለክቡር ዋና ኃላፊ፤

የአላህ ሰላም በእርስዎ፣ በቤተሰብዎ፣ በቢሮዎ ማሞቂያና ጠዋት ጠዋት ከመኪናዎ እስከ ወንበርዎ በሚራመዷቸው ጥቂት እርምጃዎች ላይ ሁሉ ይውረድ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ብዙ የሚቀመጥ ሰው ወገቡን እንደሚያመው ስለማውቅ ነው የምጠይቀው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ባይጠይቁኝም፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስሜ ፈላሕ መርዙቅ ይባላል፤ በወደባችን ሠላሳ አራት ዓመት የጎታች ጀልባ ካፒቴን ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎም በመልካም ፈቃድዎ በሰጡኝ በመስፈሪያ ቁጥር 418፣ ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጬ ነው። በጋዜጣ መውጣቱ እንዳይከፋዎ። በእጄ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እርስዎ ዘንድ ያልደረሱት ደረጃው አድክሟቸው ይሆናል፤ ጋዜጣ ግን ከቁርስዎ ጋር እንደሚቀርብልዎ ሰምቻለሁ።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬ ይቅደም። ክፍልዎ የመስፈሪያ ምርጫን ወደ ስልክ በማዛወሩ የከተማው ሕዝብ ከብዙ ድካም ተገላግሏል። ድሮ እኮ ሙቀቱ ሲበርድ፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት፣ መኪናችንን አስነስተን ከባሕሩ ጀርባ ወዳለው በረሃ እንወጣ ነበር፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተን፣ ዝናብ ቢጥል ውኃው የት እንደሚተኛ ገምተን፣ አፈሩን በእግራችን ረግጠን፣ ለአራት ወር የምንኖርበትን መሬት እንደ ሙሽራ መርጠን ነበር ካስማ የምንተክለው። ከእንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት ስላወጡን እድሜ ይስጥዎ።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ፤ ክፍልዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ ካርታው። በስልኩ ላይ ያለው ካርታዎ እጅግ ያማረ ነው። መስፈሪያዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፣ ሁሉም አራት ማዕዘን ናቸው፣ ያልተያዘው አረንጓዴ፣ የተያዘው ቀይ ነው። በእንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ላይ ጉድጓዱን፣ ጨዋማውን መሬትና ባሕሩ የሚታይበትን ጉብታ ማሳየት ሥዕሉን ማበላሸት እንደሆነ ይገባኛል። ከእኛ ጉብታ ላይ ጠዋት ወደ ወደቡ የሚገቡት መርከቦች ይታዩ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ነው የሰፈርነው፤ እኔ፣ ወዳጄ ዱዓይጅ፣ እና ሁለቱ ወንድማማቾች ሁመይዲና ሙሳዒድ። አራት ድንኳን፣ አንድ እሳት።

ሁለተኛ፤ ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ይህንን ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ብለው ይመዝግቡልኝ። ምርጫው በኅዳር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚከፈት በደንብ አስታውቀው ነበር። የእኛ ወግ ደግሞ እንደሚያውቁት፣ ወይም አባትዎ ያውቁት እንደነበረው፣ ታላቅ ካስማውን ሳይመታ ታናሽ መዶሻ አያነሳም። ችግሩ እኔና ዱዓይጅ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ አናውቅም፤ በልጅነታችን የመዘገበን ጸሐፊ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ወልዶን ነው የሄደው። ስለዚህ በየዓመቱ መዶሻ ይዘን ቆመን ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን። «ቅደም ዱዓይጅ፣ ታላቄ ነህ» እለዋለሁ። «ኧረ በአላህ! ጥርስህን የጨረስከው አንተ፣ ታላቁ እኔ? ቅደም ብያለሁ!» ይለኛል። መጨረሻ ላይ ሁለታችንም አንድ ላይ እንመታለን፣ ከዚያ ወንድማማቾቹ ይቀጥላሉ። በእነዚህ ሃያ ዘጠኝ ዓመታት በክርክራችን መሃል ቦታችንን የወሰደብን አንድም ሰው የለም፤ የሚያልፍ ሰው ምን እየሠራን እንደሆነ ስለሚያውቅ ስቆ ያልፍ ነበር።

በዚያን ቀን ጠዋት ግን እኔ በቤቴ፣ ዱዓይጅ በልጁ ቤት፣ ጉብታችንን አረንጓዴ ሆና በስልክ እያየናት፣ በሌላ ስልክ ደግሞ እየተነጋገርን ነበር። «ጫናት እንግዲህ» አልሁት። «አንተ ሳትጫን? ምነው፣ አባቴ አላሳደገኝም እንዴ?» አለኝ። «እምልልሃለሁ አልቀድምም!» «እኔም ምያለሁ!» ወንድማማቾቹም እኛን እየጠበቁ ጣታቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ክቡር ሆይ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ጉብታው በሙሉ ቀይ ሆነ። ማሽንዎ «አንተ ቅደም» የሚባል ነገር እንዳልተማረ የገባኝ ያኔ ነው፤ እኛ ስንከባበር የቀደመን ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አላህ ይባርክለት።

ሦስተኛ፤ የተረፈው ደርሶናል። ለዱዓይጅ ቁጥር 37 ደረሰው፤ ከእኔ ስልሳ ኪሎ ሜትር በስተሰሜን፣ ከዶሮ እርባታው ጀርባ፣ ነፋሱ በመጣ ቁጥር ሽታውን ይዞ የሚመጣበት ቦታ ነው። ዱዓይጅ ዓይኑ ስለደከመ መኪና መንዳት ትቷል፤ ልጁ ሙኒራም «አባቴን ብቻውን እዚያ አልጥለውም» አለች፣ እውነቷን ነው። ሁመይዲና ሙሳዒድም ተስፋ ቆርጠው ዘንድሮ ከልጆቻቸው ጋር ከተማ ቀሩ። እኔ 418 ደረሰኝ። በአንድ በኩል የስልክ ማማ አለኝ፤ በሌላው በኩል 419 አለች። ከ419 ወዲያ ቁጥርም፣ ሰውም፣ ዛፍም የለም። ባሕሩም አይታይም። ጨው የበላው ሜዳ ነው፤ ሲዘንብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ያበራል። ለጸጥታው ግን እንከን አላገኘሁበትም፤ ማማው ብዙ ወሬ የሚያሳልፍ ቢሆንም ለእኔ አንዱንም አይነግረኝም።

አራተኛ፤ ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ 419። ባዶ ናት። ከኅዳር ጀምሮ ባዶ ናት። ዱዓይጅ በ37 ፋንታ 419 ይሰጠው፣ እኔም እየነዳሁ አመጣዋለሁ፣ ማታም አጠገቡ ነኝ ብዬ አመለከትሁ። ስልክ ብደውል አንዲት ጨዋ ልጅ አነሳችልኝ፤ አላህ ትዳሯን ያሙቅላት፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

«አባቴ፣ 419 ነፃ አይደለችም» አለችኝ።

«ማን ይዟታል የኔ ልጅ?»

«ማንም አልያዛትም። መጠባበቂያ ናት።»

«ለማን ነው የምትጠብቀው?»

«በምደባው ቅሬታ ላለው ሰው።»

«እሰይ! እኔ ቅሬታ አለኝ።»

«ቅሬታ የሚታየው ወቅቱ ሲዘጋ ነው አባቴ።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ ለሦስት ቀን አሰብሁበት። ድንኳን ሁሉ ሲነቀል ለዱዓይጅ ድንኳን መትከያ ይፈቀድለታል ማለት ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራዬ መርከብ ካለፈ በኋላ ገመድ የወረወርሁበት ጊዜ የለም፤ ግን እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም።

ልጅቱ ደግሞ አዝናልኝ ነው መሰለኝ «ታዲያ ወዳጅዎ ለምን በእርስዎ ድንኳን ውስጥ አይቀመጡም?» አለችኝ። እርስዎም ይህን ያስቡ ይሆናልና ልመልስ። በበረሃ የራሱ ድንኳን የሌለው ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሦስት ቀን ነው። ዱዓይጅ ይህን ወግ ከጸሎቱ እኩል ነው የሚጠብቀው። በታኅሣሥ ሄጄ አመጣሁት። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ሳቅን፣ ሩዝ ቀቀልን፣ አሳ ጠበስን፣ ስለ ሞቱት ሰዎች አወራን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ምንጣፉን አጣጥፎ፣ ጫማውን አድርጎ ደጅ ተቀምጧል። «ወዴት ነው?» አልሁት። «አድርሰኝ» አለኝ። «ዱዓይጅ፣ እባክህ፣ በሞቴ!» ብለው «ፈላሕ፣ በስተርጅናዬ ሰው ላይ የተለጠፈ ሰው አታድርገኝ» አለኝ። ምን ይባላል? አደረስሁት። ምንጣፉንም እስከ ልጁ በር ድረስ ተሸከምሁለት።

ሐኪሙ ስለ ዓይኑ ያለውን ሙኒራ ናት የነገረችኝ፤ እሱ አልነገረኝም። የሚመጣው ብርድ ወራት እስኪደርስ ጨርሶ ላያይ ይችላል። ስለዚህ የዘንድሮው ወቅት ለእሱ መጨረሻው ነው፤ ለእርስዎ ክፍል ግን አንድ ፋይል ነው። ዱዓይጅ እኮ ከዓይኑ የተነሳ ነው ስሙ የወጣው። መብረቅ በበዛበት ዓመት ከአፈር በታች የሚያብጠውን የበረሃ እንጉዳይ፣ ፈቅዕን፣ እንደ እሱ የሚያገኝ ሰው በከተማችን የለም። ጠዋት ፀሐይዋ ገና ዝቅ እንዳለች ወጥቶ፣ መሬቱ ላይ የፀጉር ያህል የተሰነጠቀች ነገር አይቶ «እዚህ ጋ ቆፍር» ይለኛል። እኔ ምንም አይታየኝም፤ ስቆፍር ግን እንደ ድንች ተኝታ አገኛታለሁ። «ዓይን ካለህ እየው፣ ከሌለህ ቆፍር» እያለ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አላግጦብኛል። ዘንድሮ ጥሩ መብረቅ ነበር፤ አምላክ ከክፍልዎ ቀድሞ የድርሻውን ሠራ። በጥር ብቻዬን ወጥቼ አሥራ አንድ አገኘሁ። ያሞገሰኝም፣ የሰደበኝም ሰው አልነበረም። ድንኳኔ ተመልሼ በሰሃን ደርድሬ አየኋቸውና አለቀስሁ፤ በዚህ እድሜ ይህን በጋዜጣ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

አምስተኛ ነው መሰለኝ፤ ስለ ተቆጣጣሪዎ ትጋት። በየካቲት መጀመሪያ ትዕግሥቴ አልቆ የዱዓይጅን ድንኳን ከመጋዘኑ አምጥቼ 419 ላይ ተከልሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ወገቤ ዛሬም ይመሰክራል። ምንጣፉን አንጥፌ፣ ትራሱን አስተካክዬ፣ ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ ስል ተቆጣጣሪዎ በመኪና ደረሰ። ለሦስቱ ማመልከቻዎቼ ሦስት ወር ያልበቃው መሥሪያ ቤት አንዲት ድንኳን ለማፍረስ አንድ ቀን አልሞላውም፤ ይህ ቅልጥፍና ሊመሰገን ይገባል። ሰውየው ግን መልካም ሰው ነው። ገመዱን አንድ በአንድ ፈትቶ ጠቀለለልኝ። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ትእዛዝ ነው» አለኝ። «ገባኝ የኔ ልጅ፣ ግባና ሻይ ጠጣ» አልሁት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፣ ስለ ልጆቹ ነገረኝ። ከዱዓይጅና ከእሱ በቀር በዚህ ወቅት ደጄን የረገጠ ሌላ እንግዳ የለኝም። ደግመው ቅጣት ካሰቡልኝ እሱኑ ይላኩልኝ።

ብቻዬን ነኝ፣ ክቡር ሆይ። በለዘበ ቃል ልናገረው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ባለቤቴ ጠርፋ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ልጆቼ ኑሯቸው በሌላ አገር ነው፤ በስልክ «ተመለስ ወደ ቤትህ» ይሉኛል። ግን መስፈሪያው ከሰባት ቀን በላይ ሰው ካጣ ይነጠቃል ይላል ደንብዎ፤ 418ን ከለቀቅሁ 419 ለማን ጎረቤት ልትሆን ነው? ስለዚህ እጠብቃለሁ። ጠዋት እነሳለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ለአንድ ሰው ዳቦ አሞቃለሁ፤ ከዚያ የሚሠራ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ይባላል። ሞኙ እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ የዱዓይጅ ዝምታ ነው። በፊት በየቀኑ እየደወለ «ምን አሉህ?» ይለኝ ነበር። አሁን አይጠይቅም። ባለፈው ሳምንት እኔ ስነግረው «ተወው ፈላሕ፣ እዚህም ደህና ነኝ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው» አለኝ። ሰባተኛ ፎቅ ነው ያለው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው። ያን ያህል ዘመን እንደተከራከርከኝ አሁንም ተከራከረኝ ብዬ ብለምነው ወይ ፍንክች። እሺ ባይ ሆኗል። ዱዓይጅ እሺ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወቅቱ ሊዘጋ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሃያ ዘጠኙን ዓመት አልጠይቅም፣ ጉብታውንም አልጠይቅም፣ ባሕሩም ይቅርብኝ። ዝናቡ ሰሞኑን ጥሎ በጨው ሜዳው ዳር እንኳ ሣር ብቅ ብሏል፤ ዱዓይጅ ያን ሣር በዓይኑ እንዲያየው፣ እንግዳ ሳይሆን የድንኳኑ ጌታ ሆኖ እንዲያየው፣ ባዶዋን ቦታ ለአሥራ ስምንት ቀን ይስጡት። መዶሻ የሚይዘው እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪዎም ከፈቀደ ገመዱን ማሰር ይችልበታል።

አላህ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ በሚነሱበትም ቀን ጎረቤት አያሳጣዎ። እጅ ነሥቼ፣ ከነጨዋማ ጫማዬ በክቡር ደጅዎ ፊት ቆሜ፣

የማማው ብቸኛ ጎረቤት፣
ፈላሕ መርዙቅ፣ ቁጥር 418።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልዘጋ ስል ከክፍልዎ በስልኬ መልእክት ደረሰኝ፤ አመሰግናለሁ፣ በዚህ ወቅት እርስዎ እኔን ሲጠይቁኝ የመጀመሪያው ነው። ለመስፈሪያዬ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንድሰጥ ይላል። ለጸጥታው አምስት ሰጠሁ። ለጎረቤቶች ጠባይም አምስት ሰጠሁ፤ እስካሁን አንዳቸውም አላስቀየሙኝም። የመጨረሻው ጥያቄ «ይህን መስፈሪያ ለወዳጅዎ ይመክሩታል?» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ ያለኝ ወዳጅ አንድ ነው፤ ከኅዳር ጀምሬ ስመክረው ከረምሁ። እሱ ፈቅዶ ነበር፤ እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት።