የልብ ምቴን በአዳራሹ ስክሪን ላነበቡልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ኢዮስያስ፣
የድርጅታችን የሰው ሀብት ኃላፊና የሠራተኞች ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ጉርድ ሾላ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ተስፋ አደርጋለሁ ማለቴ የእርስዎን ጤና የማውቅበት መንገድ ስለሌለኝ ነው። የእኔን ጤና በተመለከተ ግን ደህና ነኝ አይደለሁም እያልኩ ውድ ጊዜዎን አላባክንም፤ ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደተገላበጥኩ፣ ጠዋት ስነሳ ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር፣ ጠረጴዛዎ ላይ ካለው ኮምፒውተር ለረጅም ጊዜ ሲያነቡት ቆይተዋል።

እኔ እድላዊት፣ በድርጅታችን በዕቃ አስተላላፊ ክፍል የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤውን በማኅተም አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል መላክ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን የሰውን የግል ጉዳይ በአደባባይ መናገር የጨዋ ሰው ልማድ መሆኑን ከእርስዎ ስለተማርኩ፣ ትምህርትዎን አክብሬ በግልጽ ጽፌያለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ድርጅታችን ለሠራተኛው ጤና በማሰብ እርምጃ የሚቆጥር፣ የልብ ምት የሚለካና እንቅልፍ የሚመዘግብ ስማርት ሰዓት ለሁላችንም ሊገዛ ወሰነ። ኮሚቴው የትኛው ሰዓት ለዕለት ተዕለት አገልግሎት እንደሚሻል ሲመካከር ከርሞ፣ በመጨረሻ አዳራሽ ሰብስቦን ሐሳባችንን ጠየቀ፤ የጠየቀንም ማሰሪያው ጥቁር ይሁን ሰማያዊ በሚለው ላይ ነበር። እኔ እጄን አውጥቼ ሰዓቱ የሚለካውን ማን እንደሚያየው ጠየቅሁ። እርስዎም ፈገግ ብለው «ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ፣ እኔም አፍሬ ተቀመጥኩ፣ ማሰሪያውም ጥቁር ሆነ።

እንግዲህ ቤተሰብ ከሆንን ዘንድ፣ ለሚቀጥለው ግዢ ይረዳዎት እንደሆነ በማለት፣ ሰው በየቀኑ እጁ ላይ የሚያስረው ሰዓት ሲመረጥ መታየት የሚገባቸውን ነጥቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ሰዓቱን የሚያስረው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ። የመጋዘን ኃላፊያችን ሱልጣን ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ውኃው ቆዳውን እንዲነካ ሰዓቱን ያወልቃል። ሰዓቱ ውኃ እንደማያስገባ ኮሚቴው አጣርቷል፤ ውኃው ወደ ሰውየው እጅ መድረስ እንዳለበት ግን ያሰበ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ሱልጣን በሥራ ሰዓት ሰዓቱን ደጋግሞ ለምን እንደሚያወልቅ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ታዘዘ። ማብራሪያውን የሚጽፈው ለእርስዎ ይሁን ለፈጣሪው እስከ ዛሬ ግራ እንደገባው ነው።

2ኛ. ዘመን መቁጠር። ቢሮዎ የልደት ዘመናችንን ከየግል ማኅደራችን እንዳለ ገልብጦ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያስበው ሰዓት ስላስገባው፣ ሁላችንም በአንድ ቀን ሰባት ስምንት ዓመት አረጀን። መብራት ጠፍቶ ሊፍት በቆመ ቁጥር ደረጃ የወጣ ሠራተኛ ሁሉ ልብህ ከዕድሜህ በላይ እየመታ ነው እየተባለ ሲደነግጥ ከረመ። እርስዎም በዚሁ ስሌት የጡረታ ዕድሜዎን አልፈዋል። ሰዓቱ ከሠራቸው ነገሮች መካከል እኔን ያስደሰተኝ ይህ አንዱ ነው።

3ኛ. የሚጠይቀውን ጥያቄ ማንበብ። ሰዓቱ ከስልካችን ጋር ሲገናኝ ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ ገጽ ነበረው፤ የወር አበባዬ መጨረሻ የመጣበትን ቀን ካልሞላሁ ወደፊት አልሄድም አለ። ረዳትዎ አጠገቤ ቆሞ ሰልፉ ረጅም ነው እያለ ያጣድፈኝ ስለነበር ሞላሁት። የይለፍ ቃሉን ራሱ ረዳትዎ አውጥቶ ይዞት ሄደ። እኔ ግን ጉዳዩ በእኔና በስልኬ መካከል የሚቀር መስሎኝ ነበር።

4ኛ. ማን እንደሚያየው። ይህን ከግዢው በፊት ጠይቄ ቤተሰብ ነን ስለተባልኩ፣ መልሱን ያወቅሁት በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ነው።

የዚያን ዕለት ኬክ ይዘው መምጣትዎን አልረሳም። በትልቁ ስክሪን ላይ የሠራተኛው የእንቅስቃሴ ደረጃ ተደርድሮ ከታየ በኋላ የእኔ ስም ለብቻው ወጣ፤ ከሥሩም ሳምንት በሳምንት ወደ ላይ የሚወጣ የልብ ምቴ መስመር ነበር። የወር አበባዬን መቅረትና የልቤን መፍጠን ደምረው፣ ማይክሮፎኑን ይዘው «እድላዊት ከእንግዲህ በሁለት ልብ ነው የምትሠራልን፤ አጨብጭቡላት» አሉ። ተጨበጨበልኝ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲስመኝ እኔ የማየው መውጫው በር የት እንደሆነ ብቻ ነበር።

በዚያች ሰዓት ማርገዜን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ቢሩክ ብቻ ነበርን። ብዙ ዓመት ጠብቀናል፤ ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ፅንስ ወርዶብናል። ስለዚህ የሚያሰጉት ወራት ካለፉ በኋላ ላምበረት ያለችው እናቴ ከሰው ሁሉ ቀድማ እንድትሰማ ተስማምተን ነበር። እኛ ዘንድ እርግዝና ሆድ እስኪገፋ የማይነገረው የሰው ዓይን ተፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ሳይሆን ቢቀር ባልና ሚስት በራቸውን ዘግተው አልቅሰው እንዲወጣላቸው ነው። ይህን በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ያጣዋል ብዬ አልጠረጠርኩም።

እናቴ በዚያው ምሽት ከእኔ ጋር ከምትሠራ የሰፈራችን ልጅ ሰማች። ስትደውል ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር፤ «ለመሥሪያ ቤትሽ ነግረሽ እኔን ደበቅሽኝ?» አለችኝ። የእጄ ሰዓት ለአለቃዬ ነገረብኝ ብዬ ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳት እርስዎ ቢያስተምሩኝ ደስ ይለኛል።

ከስብሰባው በኋላ ብዙ ሳይቆይ ፅንሱ ወረደ። አቶ ኢዮስያስ፣ ኬክዎ ገደለብኝ አልልም። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ነገር በማንም ጥፋት ሳይሆን እንደሚደርስ ነግራኛለች፤ የእርስዎ ያልሆነውን በእርስዎ ላይ አልጭንም። የእርስዎ የሆነው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሆድሽ እንዴት ነው ላለኝ ለጥበቃው ነገርኩ። ከሕንፃው ሥር ያለችው የሻይ ቤት ባለቤት በየጠዋቱ ሎሚ ታስቀምጥልኝ ስለነበር ለእሷም ነገርኩ። ቦሌ ሚካኤል ልብስ ሰፊዬ ዘንድ ስሄድ ቀሚሱን ላስፋልሽ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ለእሷም ነገርኩ፤ እሷ ዘንድ ወሬው በማን በኩል እንደደረሰ አላውቅም። ሁለት ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያለቅሰውን ለቅሶ እኔ ጉርድ ሾላንና ቦሌን ይዤው ዞርኩ።

ከሕመም ፈቃድ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ በፊርማዎ የወጣ ማሳሰቢያ ጠበቀኝ፤ እንቅስቃሴዬ ከክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ያነሰ በመሆኑ ሊፍት ትቼ ደረጃ እንድጠቀም ይመክራል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የዕረፍት ልብ ምቴ በጥሩ ሁኔታ ስለወረደ «ከፍተኛ መሻሻል ያሳየች ሠራተኛ» ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ልቤ አንድ ብቻ ሆኖ ስለቀረ ሸለማችሁኝ። ለዚህ ሽልማት የሚመጥን ምስጋና በአማርኛ ፈልጌ አላገኘሁም።

ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለ እኔ የተመዘገበው እንዲጠፋ ስጠይቅዎ፣ ሰዓቱ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ የሚለካውም የድርጅቱ ንብረት መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። በዚያን ዕለት እሺ ብዬ የወጣሁት እንጀራዬን ፈርቼ ነው። አሁን ግን ተናድጃለሁ። ልቤ ከእናቴ የወጣ፣ በደረቴ ውስጥ ያለ፣ የእኔ ነው፤ በዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ላይ አይመዘገብም።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ስለ እኔ የሰበሰቡት ሁሉ ይደምሰስ። ሰዓቱን ማሰር የፈለገ ይሰር፣ ያልፈለገ አይገደድ። እርስዎም በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ ያለ ኬክ ይቅርታ ይጠይቁኝ። ሰዓቱን ለንብረት ክፍል መልሻለሁ። የሰዓት ጠላት መስዬ እንዳልታይዎት ደግሞ፣ እኔም እርምጃዬን ማወቅ ደስ ስለሚለኝ በራሴ ገንዘብ ሌላ ልገዛ አስቤያለሁ። ምርጫዬም ቀላል ነው፤ የሚለካውን ለእኔ ብቻ የሚነግር፣ ሳወልቀውም ለማንም የማያሳብቅ ከሆነ፣ የማሰሪያው ቀለም የፈለገው ይሁን።

ለጤናችን ያለዎት ትጋት በሌላ ሥራ ላይ እንዲውል፣ ዓይንዎም ከሰው ገላ አርፎ በሰነድ ላይ እንዲያተኩር ከልቤ እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ትምህርት በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቤተሰብዎ አባል ነሽ የተባልኩት፣
እድላዊት
ከሰነድ ክፍል

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ሳርም ስልኬ ላይ ከሰዓቱ አፕ መልእክት ገባ። ልጄ አሁን አንድ የበቆሎ እሸት እንደሚያህልና ድምፄን መስማት እንደጀመረ ይገልጻል። ለካ ከኬኩ ማግስት ቢሮዎ «ነፍሰ ጡር» ብሎ መዝግቦኛል፤ የይለፍ ቃሉም እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ላቆመው አልቻልኩም። አፑን ከስልኬ ባጠፋው በኢሜይል ይከተለኛል። ለእናቴም፣ ለጥበቃውም፣ ለልብስ ሰፊዋም ነግሬ ጨርሻለሁ፤ መውረዱን ያልሰማው ይኸው ሰዓትዎ ብቻ ነው። እባክዎ እሱን እንኳ እርስዎ ይንገሩልኝ።